የሳሳው ጨርቅ

ሙሐረቅ ነው። ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ ስልክ ከምንጠግንበት፣
ነሐሴ እንደ እቶን አፍ መስተዋቱን ከሚያግልበት፣
አንዲት ባልቴት ገባች፣ የልጅ ልጇን አስከትላ፣
በአንሶላ የተጠቀለለ ሣጥን እንደ ሕፃን አሳዝላ።

«ሞዛ ነኝ። የአባቴ ራዲዮ ነው። ይናገር እንደሆን እየው።»
አለቃዬ ኮያ ሳቀ፤ «እማማ፣ ይህማ ማገዶ ነው።»

እኔ ግን አንሶላውን ገለጥኩ፣
የፋብሪካ ስም የለው፣ ቁጥር የለው፤ ዙሪያውን ፈለግኩ።
እንጨቱ የጀልባ ሳንቃ፣ ጨው ከጅማቱ ያልለቀቀው፣
ምስማሩ አንዴ ጎብጦ፣ በመዶሻ የተቃናው።
ወለሉ የሻይ ቆርቆሮ፤ የተሳለው ዝሆን ይታያል፣
ጆሮው ላይ በተበሳው ቀዳዳ የመስታወት ጠርሙስ ቆሟል።
መዳቡ በመድኃኒት ብልቃጥ፣ እንደ ሼኽ ጥምጥም ተጠቅልሎ፣
አንድ ዙር እንኳ ሳይዛነፍ፣ ክር በክር ላይ ተደላድሎ።

ደሴ ላይ ሙያ ያስተማሩኝ ጋሽ ይመር አንድ ቃል ነበራቸው፦
«ሽቦዎች ደብዳቤ ናቸው፤ ሳታነብ አትቁረጣቸው።»

አነበብኩ።
በእርሳስ የተበየደውን አልፌ በእርሳስ የተጻፈ አገኘሁ፣
ከሣጥኑ ሆድ፣ ከጣውላው ላይ፣ በስልክ መብራት ለየሁ።
የዐረብ ፊደል፣ የሕፃን እጅ፣ መስመሩ ቁልቁል ያጋደለ፣
በየከተማው ስም አጠገብ ቁጥር ሳይሆን ሌላ ያለ፦
ቦምባይ፣ እንደ ጉንዳን መንገድ።
ባስራ፣ እንደ ድመት ጀርባ።
ካይሮ፣ ማታ ማታ፣ እንደ ጥርስ ሕመም።
አንዱ ደግሞ ስም የለውም። «ይኼ ደስ ይላል» ይላል።

ኮያን ጠየቅኩት፤ ትከሻውን ሰበቀ።
«ያበደ ሰው ሠርቶት ነው» አለና ወደ ስልኮቹ ዘለቀ።

አሥራ ሰባት ማታ ፈጀብኝ። ያበጠውን ነቀልኩ፣ የሻገተውን ጠረግኩ፣
ለሞተው ጠርሙስ ምትክ ማናማ አሮጌ ተራ ፈለግኩ።
የስፒከሩ ጨርቅ አምስት ቦታ ላይ ሳስቷል፤
«ብል ነው» አልኩ፤ አዲስ ቀደድኩ፤ አሮጌው ቅርጫት ገብቷል።

ሞዛ መጣች። ቀድማ ያየችው ራዲዮውን ሳይሆን ቅርጫቱን፣
አጎንብሳ አነሣችው። «ምነው ልጄ? ጣልከው እጁን?»

ከዚያ ነገረችኝ፣ ጨርቁን ጭኗ ላይ እያሻሸች፤
አባቷ ኸሚስ ጠላቂ ነበር፣ ዕንቁ ከሰው ስትወደድ ሳለች።
እርሳስ ከእግሩ ታስሮ ሲወርድ፣
ሁለቱንም ጆሮ ነጠቀው ሞገድ።
ዕንቁ ሲረክስ ከነዳጁ ካምፕ ኩሊ ሆኖ ሠራ፤
ኪሱ ማታ ማታ ይመለስ ነበር ከተጣለ ሽቦ ጋራ።
«ሞገድ የወሰደብኝን ሞገድ ይመልሰው» አለና፣
ሳይሰማ ሠራው፤ በጣት መስማትን አመነና።

«አምስት ጣቱን ጨርቁ ላይ ጭኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል፤
እኔ የስምንት ዓመት ልጅ፣ ያለኝን እጽፋለሁ፤ አንዳንዴ ይስቃል።»

«ስም የሌለውስ?» አልኩ።

«እኔ ነኛ። ራዲዮው ጠፍቶ ሳለ ከኋላው ገብቼ ስዘፍን።
ያወቀ አይመስለኝም።»
ቆየችና፦ «ወይም አውቆ ዝም አለኝ።»

አዲሱን ጨርቅ ተውኩት። አሮጌውን መለስኩ፣
ከሳሳበት ሳልደርስ ዳር ዳሩን ብቻ ጠቀምኩ።
ለኮስኩት። ጠርሙሶቹ እንደ ፍም ቀስ ብለው ቀሉ፤
እሷ የምታውቃቸው ጣቢያዎች ከሞገዱ ወርደዋል ሁሉ።
የሚያጉረመርመው የእኛው የስልክ ቻርጀር ነው፤
እሷ ግን ጣቷን አኖረች። «ቦምባይ» አለች፤ «ጉንዳኑ ይኸው።»

ምን ልበላት?

ኮያ ተነሣ። አንድ ቃል ሳይተነፍስ
ቻርጀሮቹን ነቀለ፣ ማራገቢያውንም፣ ሱቁ ጭር እስኪል ድረስ።
ሙቀቱ ወረደብን። ከሹክሹክታው ሥር የሆነ ድምፅ ቀጠነ፤
የማን ቋንቋ እንደሆነ እንጃ፤ መጣ፣ ሄደ፣ በነነ።
ላብ በላብ ሆነን፣ ልጁም ጭምር፣ አጎነበስን፤
በሳሳው ላይ፣ በየተራ፣ አንዳንድ ጣት አሳረፍን።